ጋሽ ዝም የጮኹ ዕለት

ኑ እስቲ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። አንቺ ትንሿ፣ እግርሽን ሰብስቢና ለወንድምሽ ቦታ ልቀቂለት። ትራሱን ከኋላዬ ደገፍ አድርጉልኝ፤ እንዲያ ነው፣ ተባረኩ። ዛሬ የማጫውታችሁ በረሃ ለበረሃ ስንሄድ ስለዋልንበት ቀን ነው። በዕድሜዬ ከእግሬ ይልቅ አፌ የደከመው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅ ሆኜ የሚጠሩኝ «ሬዲዮ» ብለው ነበር። እናታችሁ እናንተን «ዝም በሉ!» ስትል ስሰማ ለብቻዬ የምስቀው ለዚህ ነው። ያየሁትን አወራለሁ፣ የሰማሁትን እደግማለሁ። ጎረቤት ምን እንደገዛ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ድመት የማንን ወተት እንደጠጣች፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይገኛል። መቀመጥም አልችልበትም። ወንበር ላይ ካስቀመጡኝ እግሬ ይወዛወዛል፣ ካስተኙኝ እገላበጣለሁ። እናቴ ራሷን ይዛ «አንቺ ልጅ፣ መዝጊያ የለሽም እንዴ?» ትለኝ ነበር።

እናቴ ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው። ረጅም አዳራሽ ነው። የስፌት መኪናዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፣ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ፈሶበታል፣ ከወዲያ ጥግ የካውያው እንፋሎት ይጨሳል። የሚሰፉት የተማሪ ልብስ ነው። አንዷ እጅጌ፣ አንዷ አንገትጌ፣ እናቴ ደግሞ ኪስ። ከአጠገቧ የምትቀመጠው ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ስለነበረች «ቁልፊቱ» እንላታለን፤ የእናቴ የልብ ወዳጅ እሷ ነበረች። ከጀርባቸው «ረጅሟ» አለች፤ እጅጌ የምትሰፋ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ።

ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ጩኸት በላይ እየተጯጯሁ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይሰዳደባሉ። ከዚያ ከበሩ በኩል የጫማ ድምፅ ይሰማል፤ ሲጥ፣ ሲጥ። የተቆጣጣሪው ጫማ ነው። ወዲያው ወሬው እንደ ክር ይበጠሳል። አንገት ሁሉ ይደፋል። ሴቶቹ «ጋሽ ዝም» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ይገርማችኋል፣ ሰውየው አንድም ቀን «ዝም በሉ» ብለው አያውቁም። እሳቸውም አይናገሩም፣ ሰውም አይናገርም። እንዲሁ ለምዶ የቀረ ነገር ነበር።

አንድ ጊዜ የስፌት ቤቱ ባለቤት ትልቅ ሥራ በጊዜ ስላለቀላቸው ደስ ብሏቸው ለሠራተኛው ሁሉ የሽርሽር ቀን ሰጡ። አውቶቡስ ተከራይተው፣ ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ ጥብቅ የበረሃ ስፍራ አለ፣ እዚያ በእግር ስትዘዋወሩ ዋሉ አሉ። ሴቶቹ ግን ደስታው አልዋጥላቸው አለ። ትልቁ ሥራ ካለቀ በኋላ ሰው ይቀነሳል የሚል ወሬ ነበራ። ማን እንደሚቀነስ የሚመርጡት ደግሞ ጋሽ ዝም ናቸው። እናቴ ከሥራ ከወጣች የቤት ኪራዩን የሚከፍል ሌላ ሰው አልነበረንም። ይሄን ያህል እኔም አውቅ ነበር።

ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት ቁልፊቱ ቤታችን መጣች። እኔ አልጋ ሥር ሆኜ ኳሴን እፈልጋለሁ፤ እነሱ ደጅ የወጣሁ መስሏቸዋል።

«አሞኛል ብዬ ልቅር?» አለች እናቴ።

«አብደሻል? ሰው ሊቀንሱ ነው በሚባልበት ሰሞን? የቀረችዋን ነው መጀመሪያ የሚያስቧት።»

«ፀሐዩ ነው የፈራሁት። እዚያ ጥላ የለ፣ ምን የለ።»

«ልጅቷን ይዘሻት ነያ!»

«ሬዲዮን?»

«ታዲያስ! የሷ አፍ ካልተዘጋ አንቺ ምን ትሆኛለሽ? እኛስ የት ሄደን? ብቻ ለሷ ትንፍሽ እንዳትዪ። ዛሬ ብትነግሪያት ነገ ጋሽ ዝም ቤት ድረስ ይሰማል።»

አልጋ ሥር ሆኜ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ነገሩን በራሴ መንገድ ገጣጠምኩት። እናቴ ፀሐይ የፈራችው ፊቷ እንዳይጠቁር ነው፤ እኔን የሚወስዱኝ ወሬዬን ስለሚወዱት ነው፤ እንዳልሰማ የፈለጉት ነገር ደግሞ ስጦታ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የሆነ ቦታ፣ በረሃው ውስጥ፣ ለኔ የተዘጋጀ ነገር አለ። ያን ቀን እንዴት እንደመሸልኝ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ስዘል፣ ከመስኮት መስኮት ስሄድ፣ «ደረስን? አሁንስ ደረስን?» ስል ረጅሟ «ይቺን ልጅ አንድ ሰው በመርፌ ከወንበሩ ጋር ይስፋልኝ» አለች። ጋሽ ዝም ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ለበረሃ ነጭ ሸሚዝ! አንገታቸውን አላዞሩም።

የስፍራው መግቢያ በር ላይ አንድ ወጣት መንገድ መሪ ተቀበለን። «እንኳን ደህና መጣችሁ። መንገዱ በነጭ ድንጋይ ተከልሏል፤ ከሱ አትውጡ። ምንም ነገር አትንኩ። እባካችሁ ደግሞ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ፣ እንስሳቱ ይሸሻሉ» አለ።

«ድምፅ ቀንሱ?» አለች ረጅሟ። «የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ ከመኪና ጋር ስንጯጯህ ያረጀን ነን። ቀንሰነው ነው እንዲህ የሆነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ከኋላ ጫማው ሲጥ አለ። ሳቁ ቆመ።

እናቴ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ቁልፊቱ ክንዷን ይዛት ነበር። ወርዳ ቆመች፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ነፋስ እንደምታሸት ዓይነት። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «ከፊቴ ሂጂ። ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ። እንዳታቋርጪ» አለችኝ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ድንጋዩንም፣ እሾሁንም።»

ጆሮዬን አላመንኩም! ተወልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ «ዝም በይ» እንጂ «ተናገሪ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ለቀቅኩት።

«እማ፣ መንገዱ ወደ ላይ እየወጣ ነው! አሁን ደግሞ ጠጠር ነው፣ እንደ ባቄላ ድቡልቡል ነው፣ ያንሸራትታል! እማ፣ ቁልቋል! እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወደኛ ዘርግቷል፣ በቀኝ በኩል! እማ፣ እንሽላሊት! ጅራቷ ሰማያዊ ነው! ቆማ እያየችን ነው፣ አይ ሄደች!»

«ከዚያስ?» ትለኛለች እናቴ። «ከዚያስ?»

ሴቶቹም በየመሐሉ ይጮሃሉ። «ድንጋይ ነው፣ እግር አንሱ!» ትላለች ቁልፊቱ ከፊት። «እሾህ በግራ!» ትላለች ረጅሟ ከኋላ። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ድንጋይ አይተው አያውቁም እንዴ እላለሁ በልቤ።

አያችሁ ልጆቼ፣ እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆይቶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከሴቶቹ በቀር ማንም አልነቃባትም፤ ኪስ የምትሰፋው በጣቷ ነው። ክር ሲያልቅባት ቁልፊቱ ሰው ሳያይ መርፌው ውስጥ ታስገባላታለች። ብርሃን ሲበረታ ግን ያለው ሁሉ አንድ ነጭ ነገር ይሆንባታል። በረሃው ደግሞ ነጭ ነበር፤ አሸዋው ነጭ፣ የመንገዱ ድንጋይ ነጭ፣ ሰማዩ ራሱ እንደታጠበ አንሶላ። ይሄን የነገረችኝ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው የእናቴ ጆሮ በመጨረሻ የኔ መሆኑን ብቻ ነበር።

ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ስጦታዬ! መንገዱ መጨረሻ ላይ ከአለት ሥር ውኃ እንዳለ መንገድ መሪው ተናግሯል። እዚያ ነው ያስቀመጡልኝ ብዬ ደመደምኩ። መሮጥ እፈልጋለሁ፤ ትንሽ ፈጠን ስል እናቴ «ሬዲዮ! ራቅሽብኝ» ትላለች። እመለሳለሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ደግሞ እፈጥናለሁ። እግሬን የጉንዳን መንጋ የወረረው ይመስለኛል።

ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ጋሽ ዝም ወደኛ በተጠጉ ቁጥር ጉዞው ይቆማል። የጫማው ድምፅ ይመጣል፣ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ የጫማ ማሰሪያዋን ታስራለች። እሳቸው አልፈው ሲሄዱ ትነሳለች። ምን ዓይነት ማሰሪያ ነው እንዲህ የሚፈታው? እል ነበር። የእናቴ ጫማ ማሰሪያ የሚባል ነገር እንዳልነበረው ትዝ ያለኝ አርጅቼ ነው። ጋሽ ዝም ግን ያኔውኑ ሳያዩት የቀሩ አይመስለኝም።

ውኃው ጋ ደረስን። ከአለት ሥር የተኛች፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የምታህል አረንጓዴ ውኃ። ዙሪያዋን የወፍ ዱካ። ዞርኳት፣ ከድንጋዩ ኋላ አየሁ፣ ከቁጥቋጦው ሥር አየሁ። ምንም የለም። ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሁላችን የአለቱ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ዳቦና እንቁላል በላን። ጋሽ ዝም ሊቀመጡ ሲሉ ሸሚዛቸውን እሾህ ያዘውና ቁልፉ ጠብ አለ። ከመሬት አንስተው መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። ያ ሁሉ ልብስ ሰፊ በተሰበሰበበት ቁልፍ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ገምቱ! ሁሉም እጁን ወደ አንገትጌው ሰደደ፤ ሰፊ ሴት ያለ መርፌ ከቤት አትወጣም፣ ክር የተጠመጠመበት መርፌ ከአንገትጌዋ ሥር ሰክታ ነው የምትሄደው።

«እኔ ልትከልልዎ፣ ሥራዬ ነው» አለች ቁልፊቱ ብድግ ብላ።

ጋሽ ዝም ግን እናቴን አዩ። «እሷ ትትከልልኝ» አሉ።

ከእሳቸው አፍ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ እጇን ዘረጋች። ቁልፊቱ ተሽቀዳድማ ክር የገባበትን የራሷን መርፌ ከአንገትጌዋ መዝዛ እጇ ላይ አኖረችላት። የሰው ሥራ ውስጥ ምን አስገባት? ብዬ ተናደድኩ። እናቴ የራሷ መርፌ አላት እኮ!

እናቴ ሸሚዙን በጣቷ ዳበሰች፣ ቁልፉ የነበረበትን ቦታ አገኘች፣ መርፌዋ ወጣች ገባች፣ ወጣች ገባች። ቀና ብላ ነበር የምትሰፋው፤ እጇን አታይም። በመጨረሻ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና «ይኸው፣ ሸሚዙ ያልቃል እንጂ እሱ አይወልቅም» አለች፤ በኩራት።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ክሩ ቀይ ነው! በነጭ ሸሚዝ ላይ፣ በነጭ ቁልፍ ላይ፣ እንደ ደም ቀይ። ቁልፊቱ ሰሞኑን የተማሪ ልብሱን የደረት ምልክት ስትሰፋበት የነበረ ክር ነው። ድንግጥ ብላ አፏን በእጇ ይዛለች። ሴቶቹ ሁሉ ደርቀዋል። የእናቴን እጅ የሚያውቅ ሰው፣ ተኝታ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር እንደማትሠራ ያውቃል።

«እማ፣ ክሩ ቀ...»

ረጅሟ ግማሽ ብርቱካን አፌ ውስጥ ወተፈችብኝ። «ብዪ እንጂ የኔ እመቤት፣ ደክሞሻል» አለችና ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ጋሽ ዝም ቁልፉን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሸሚዛቸውን ቆልፈው «ጥሩ ነው» አሉና ወደ ውኃው ዞሩ።

የመመለሻው መንገድ ሌላ ነበር። መንገድ መሪው በአለቱ ወገብ ላይ ይዞን ዞረ። በአንድ በኩል የአለት ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ገደል፤ በመሐል ሰው በሰልፍ የሚሄድበት ጠባብ መንገድ። ከታች የደረቀ ወንዝ፣ ድንጋዩ ከላይ ሲያዩት የተበተነ ስኳር ይመስላል። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረች። ቁልፊቱ ከፊቴ፣ እኔ ከእናቴ ፊት፣ ረጅሟ ከኋላዋ። ጋሽ ዝም ወደኋላ ቀርተዋል። ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር፤ «ግድግዳውን ያዙ!» «አሁን ዝቅ ይላል!» እኔም እለፈልፋለሁ።

መሐሉ ላይ ስንደርስ ከኋላ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ሲጥ፣ ሲጥ።

ሴቶቹ ዝም አሉ።

ሁሉም፣ ባንድ ጊዜ። ቁልፊቱ ዝም፣ ረጅሟ ዝም። አንገታቸውን ደፉ፣ ልክ እመኪናቸው ላይ እንዳሉ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። የስንት ዓመት ልማድ ነው፤ ጫማው ሲሰማ አፍ ራሱ ይዘጋል።

እኔም ዝም አልኩ። እኔ እንኳ! ሰው ሊቀነስ ነው፤ ዛሬ ሙሉ ቀን ስለፈልፍ ሰምተውኛል፤ አሁን ዝም ካላልኩ እናቴን በኔ ምክንያት ያባርሯታል ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

ዞር ስል እናቴ አንድ እግሯን አንስታ ቆማለች። አላስቀመጠችውም። ማሰሪያዋን ልታስር አልጎነበሰችም፤ የምትጎነበስበት ቦታ የለም። አንድ እጇ ግድግዳውን ይፈልጋል፤ ግድግዳው ደግሞ እዚያ ጋ ወደ ውስጥ ስለገባ አየር ነው የምትዳብሰው።

«ሬዲዮ?» አለች። ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። «የት አለሽልኝ?»

እናቴ እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርታኝ አታውቅም። ለምን እንደፈራች አልገባኝም፤ እንደፈራች ግን ገባኝ። ሥራውንም፣ ጋሽ ዝምንም ረሳኋቸው።

«አለሁ እማ! እዚህ ነኝ፣ ፊትሽ ነኝ! እግርሽ ሥር ካውያ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ከሱ ወዲህ ደልዳላ ነው! በግራሽ ገደል ነው፣ ወደ ቀኝ ነይ፣ ወደኔ፣ ወደ ድምፄ...»

እግሯን አስቀመጠች። ሌላውን አስከተለች። እጇ ትከሻዬን አገኘና ጨመቀው፤ እስኪያመኝ።

ጫማው ልክ ከኋላችን ቆመ። አለቀልን አልኩ።

«ቀጥዪ» አሉ ጋሽ ዝም።

እኔ ግን ምላሴ ታስሯል። ሲያሾፉብኝ መሰለኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰውየው ጮኹ!

«ከፊት መንገዱ ይጠባል! ግድግዳውን በቀኝ እጅ! ... ድንጋይ አለ፣ ትልቅ ነው፣ እግር አንሱ! ... እ... አሁን ደግሞ አሸዋ ነው!»

ድምፃቸው ዝጎ እንደቆየ በር ነበር፤ ይሰነጠቃል፣ ይቆራረጣል። መንገድ መሪው ከፊት እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ እዚህ መጮህ ክልክል ነው!»

«እንግዲያው ቅጣኝ» አሉት። «ጉድጓድ በግራ!»

መጀመሪያ ቁልፊቱ ሳቀች፣ ቀጥላ ረጅሟ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጮኹ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ያልተጠራ ድንጋይ፣ ያልተጠራ እሾህ የለም። በዚያ ቀን ያ በረሃ ውስጥ የቀረ እንስሳ ካለ ደንቆሮ ነው።

«እማ» አልኳት በሹክሹክታ፣ «ሰውየውን ፀሐይ መታቸው እንዴ?»

እናቴ እጇ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ሳቀች፤ ጉንጯ ግን ርሷል። «አዎ፣ መታቸው መሰለኝ» አለች።

ስጦታዬን እንደጠበቅኩ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴን ከመኪናዋ አስነሷት። እኔ ቤት ሆኜ አለቀስኩ፤ ቀነሷት ብዬ። ያስነሷት ግን ከወዲያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ሊያስቀምጧት ነበር፤ የተሰፋውን ሁሉ በጣቷ እየዳበሰች ስፌቱ የሳተውን እንድትለይ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ ቤት አልነበረም። እስክታረጅ እዚያው ሠራች። ጋሽ ዝም ስለ ዓይኗ አንዲት ቃል ለማንም አልተናገሩም፤ ለሷም ጭምር። ወደ አዳራሹ ሲገቡ ግን፣ ሴቶቹ እንደነገሩኝ፣ «መጣሁ» ማለት ጀመሩ፤ ወሬውም አልተቋረጠም።

ያን ነጭ ሸሚዝ ደግሞ ብዙ ዓመት ለበሱት። ቁልፉ በቀይ ክር እንደተተከለ። ስስታም ናቸው እል ነበር፤ አንድ ቁልፍ ማስተካከል አቅቷቸው ነው? ቁልፊቱ ልትቀይርላቸው ብዙ ጊዜ ለምናቸዋለች። እሳቸው በእጃቸው ሸፈን ያደርጉታል፤ «ተይው፣ ጥሩ ነው» ብቻ።

እናቴ ክሩ ቀይ መሆኑን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ማንም አልነገራትም። እኔ እንኳ አልነገርኳት፤ እኔ ሬዲዮዋ። በዕድሜዬ ሁሉ ያላወራሁት ወሬ እሱ ብቻ ነው፤ ይኸው ዛሬ ለናንተ።

በቃ፣ እግራችሁ ተወዛወዘ፤ ውጡና ተጫወቱ። ብቻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ እኔን ስታስታውሱ ይሄን አፌን አስታውሱት። ጋሽ ዝምን ደግሞ፣ እውነተኛ ስማቸውን እንኳ ባታውቁት፣ በነጭ ሸሚዝ ላይ ባለች በዚያች ቀይ ክር አስታውሱልኝ።